የበረዶ ተራራው ሥራ

ጥያቄ፦ የምኖረው ዴንቨር ነው። ኮሎራዶ ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎችን በሚያስተዳድር ኩባንያ ለአንድ ወቅት ልቀጠር አስቤያለሁ። ሥራው ምን ይመስላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በእንዲህ ያለ ስፍራ ሁለት ወቅት ሠርቻለሁና ካየሁት ተነሥቼ ልንገርዎ። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ ሲሆን፣ ተንሸራታቾቹን ወደ ተራራው በሚያወጡት ተንጠልጣይ ወንበሮች ዘንድ የተመደበ ሠራተኛ ሌሊቱን የተከመረውን በረዶ ማለዳ በአካፋ ይጠርጋል፤ ከዚያም ዞሮ የሚመጣውን እያንዳንዱን ወንበር የተሳፋሪውን ጉልበት እንዳይመታ በእጁ ይዞ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ሕፃን ከተደናቀፈም ወዲያው ማቆሚያውን ይጫናል። ጓንቱ እስከ ረፋድ ይርሳልና ሁለተኛ ጥንድ ይያዙ። የበረዶ መንሸራተቻ ያላት የኮሎራዶዋ ብሬክንሪጅ ከተማ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ አዲስ አበባ ያደገ ሰው እንኳ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል።

ክፍያውን በተመለከተ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎችን የሚያስተዳድረው ቫይል ሪዞርትስ የተባለው ኩባንያ በ2022 እ.ኤ.አ. በሰሜን አሜሪካ ስፍራዎቹ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር እንደሚያደርግ አስታውቆ ነበር። ገንዘቡን የሚበላው ግን የቤት ኪራይ ነው፤ በእኔ እምነት ከደመወዙ አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባው ኩባንያው የሠራተኛ መኖሪያ ይሰጥ እንደሆነና ኪራዩ ከደመወዝዎ ስንት እንደሚቆረጥ ነው። በረዶ ሳይጥል ሲቀር የሥራ ሰዓት ይቀነሳል፤ ኪራዩ ግን አይቀነስም።