ስለ «አስታገሰ» ለጠየቃችሁት

ከደብረ ብርሃን፦ መምህር፣ ታካሚው «መርፌው አስታግሶልኛል» ካለ ድኗል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ያስታገሰ ነገር ሕመሙን ረገብ ያደርገዋል እንጂ በሽታውን ከሥሩ አይነቅለውም። ፓራሲታሞል ትኩሳቱን ቢያስታግስም ትኩሳቱን ያመጣውን የሳንባ ምች አያድንም፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ቆይቶ ሊያገረሽ ይችላል። «ታገሰልህ ወይስ ለቀቀህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ታገሰልኝን እንደ ዳንኩ የቆጠረ ሰው የታዘዘለትን ክኒን በመሐል ያቋርጣል።

ከመሐል ሜዳ፦ እኛ ዘንድ «ውሻህን አስታግስ» ይባላል፤ ውሻው ግን አልታመመም!

መልስ፦ ልክ ነው፤ እንዲያውም የቃሉ ሥር የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «ታገሰ» ቻለ፣ ጠበቀ ሲሆን «አስታገሰ» እንዲታገስ አደረገ ነው። ነገሩ ሰው ወይም እንስሳ ሲሆን መግታት፣ አደብ ማስያዝ ይሆናል፦ «ልጅህን አስታግስልኝ፣ ገብሱን ረገጠው» እንዲሉ። «ሐኪሙ በሽተኛውን አስታገሰው» ብትል ያዝ ያደረገው ይመስላል፤ «ሕመሙን አስታገሰለት» በል። ትርጉሙን የምታቃናው ያቺ «ለ» ናት።

ከሸዋ ሮቢት፦ በዚህ ሙቀት ጥምንስ ማስታገስ ይቻላል?

መልስ፦ ረሃብን ያስታግሱታል፣ ጥምን ይቆርጡታል። «ጥሜን አስታገሰልኝ» ስሕተት ባይሆንም ውሃው ትንሽ ነበር ያሰኛል። አንድ ጭብጥ ቆሎም እንዲሁ ነው፤ ያስታግሳል፣ አያጠግብም።

ከአንኮበር፦ ለቁጣና ለሐዘንስ?

መልስ፦ ቁጣን ያበርዱታል፣ ሐዘንተኛን ያጽናኑታል፣ የሚያለቅስ ልጅን ያባብሉታል፣ የደነገጠን ያረጋጉታል። ዕዳ ግን ይቃለላል እንጂ አይታገስም።

ከደብረ ሲና፦ ለመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ «ማስታገሻ» ይሻላል ወይስ «አስታጋሽ»?

መልስ፦ ቃሉ ብቻውን ከቆመ «ማስታገሻ»። መድኃኒት ከተከተለው «ሕመም አስታጋሽ መድኃኒት» ያምራል። ሲረባ «ያስታግሳል» ነው፤ «ያስታገሳል» አይባልም፣ «ግ»ም ይጠብቃል። ከ«ትዕግሥት» ጋር ላዛምድ ካሉ በንጉሡ «ሠ» ይጻፉ፤ በ«ሰ»ም ይነበባል፣ ብቻ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አያደባልቁ።

ከደነባ፦ ነርሷ «ካጠባሽው በኋላ አስገሺው» አለችኝ። አስታግሺው ማለቷ ነው?

መልስ፦ አይ እህቴ፣ ይኼኛው ከ«አገሳ» የመጣ ነው። ሕፃኑን ትከሻሽ ላይ ቀና አድርገሽ፣ አንገቱን ደግፈሽ፣ ጀርባውን ቀስ እያልሽ መታ መታ አድርጊው። ከወተቱ ጋር የዋጠው አየር ሲወጣ ያገሳል። ትንሽ ወተት ስለሚያስመልሰው ትከሻሽ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጊ።