በዚህ ዕድሜ ሳይክል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለፈው እትም «ጠዋት በሳይክሌ ሐይቁ ዳር ደርሼ ስመለስ» ብለው የጻፉትን አንብቤ ልቤ ተነሣሣ። ልጅ ሆነን ወንድሞቼ ሳይክል ሲማሩ እኔ ውሃ እቀዳ ነበር። አሁን ልማር ብል እናቴ «በዚህ ዕድሜሽ ሳይክል ምን ያደርግልሻል? ሰውስ ምን ይላል?» አለችኝ። ባለቤቴ ሳቅ ብሎ ዝም አለ። ለጤና ጥሩ መሆኑን አውቃለሁ፤ እሱን አይንገሩኝ። እርስዎ ራስዎ ለምንድን ነው የሚወዱት? ደግሞስ በ41 ዓመት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። እንዴት እንደሆነ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ግን ለምን እወደዋለሁ ያልሽውን ልመልስ። እስከ ዛሬ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

አባቴ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ያኔ ፈረቃ ሲቀየር መንገዱ በሳይክል ይሞላል። ከተማችን ሜዳ ናት፤ የሠራተኛ ደመወዝም ተጠራቅሞ ቢበዛ ሳይክል ነው የሚገዛው። የአባቴ ሳይክል ጥቁር፣ ከባድ፣ ከኋላው ዕቃ መጫኛ ያለው የቻይና ሳይክል ነበር። የማታ ፈረቃ ሲደርሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሥራ ይወጣል። ዘመኑ ደርግ ነው። ሰዓት እላፊ አለ፤ አንዳንድ ሌሊት ተኩስ ይሰማል። እናቴ መብራቱን አጥፍታ ትጋደማለች እንጂ አትተኛም። እኛ ልጆቿም ተሸፋፍነን የተኛን እንመስላለን።

ከዚያ ድምፁ ይመጣል። መንዳት ስትጀምሪ ትሰሚዋለሽ። ፔዳል መርገጥ ስታቆሚ የኋላው ጎማ በራሱ መሽከርከሩን ይቀጥላል፤ ማርሹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ብረቶች «ጢክ ጢክ ጢክ» ይላሉ። አባቴ ከሰፈራችን መግቢያ፣ ከዋርካው ጀምሮ ፔዳል አይረግጥም ነበር። እስከ በራችን ድረስ እንዲሁ ተንሳፍፎ ይመጣል። ድምፁ መጀመሪያ ፈጣን ነው። እየቀረበ ሲመጣ ቀስ ይላል። በራችን ጋ ሲደርስ አንድ በአንድ ይሆናል። ጢክ። ጢክ። ከዚያ የቆርቆሮው በር ይንኳኳል። እናቴ «ተመስገን» ብላ ሽሮውን ልታሞቅ ትነሣለች። እኔን ያን ጊዜ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል።

እህቴ፣ ሳይክል የምወደው በዚህ ድምፅ የተነሣ ነው። ለእኔ ያ ድምፅ «ሁላችንም ቤት ገብተናል» ማለት ነው።

የተማርኩት ተደብቄ ነው። አባቴ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ጠዋት ሲተኛ ሳይክሉን እየገፋሁ አወጣዋለሁ። 13 ዓመቴ ነበር። ኮርቻው ላይ ቁመቴ ስለማይደርስ አንድ እግሬን በላይኛው ብረት ሥር አሾልኬ፣ ጎኔን አጣምሜ ነበር የምነዳው። የሰፈራችን ወንዶች ሁሉ እንዲያ ነው የተማሩት፤ እያየሁ ቀዳሁባቸው። አንድ ቀን ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ክንዴ ተጫጫረ፣ መሪው ተጣመመ። ወደ ቤት ስገፋው አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ልምጭ የሚያመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የፊቱን ጎማ በጉልበቶቹ መሐል ይዞ መሪውን አቃናው። ከዚያ ቁልፍ አምጥቶ ኮርቻውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አደረገልኝ። አንድ ቃል አልተናገረም። ለእናቴም አልነገራትም።

ካገባሁ በኋላ ወደ 20 ዓመት አልነዳሁም። ማንም አልከለከለኝም። ልጅ አለ፣ ሥራ አለ፣ እንዲያው ቀረ። አባቴ ሲያርፍ ሳይክሉን ጓዳ ውስጥ አገኘሁት። ጎማው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ሰንሰለቱ ዝጓል። ጎሚስታ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ የኋላውን ጎማ አሽከርክሮ ሰማና «እናቴ፣ ይሄ ይጮኻል፤ ግሪስ ብሞላበት ዝም ይላል» አለኝ። «እሱን እንዳትነካ!» አልኩት። ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ጎማውንና ከመነዳሪውን ቀየረ፤ ሰንሰለቱን በናፍጣ አጥቦ ዘይት ቀባው። ድምፁን ተወልኝ።

አሁን በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እወጣለሁ። በዘንባባዎቹ ሥር አድርጌ ሐይቁ ዳር እደርሳለሁ። ታንኳ የሚቀዝፉት ዓሣ አጥማጆች በዚያ ሰዓት ይመለሳሉ። በባጃጅ ስሄድ ሰው እንኳ በወጉ አላይም። በሳይክል ስሄድ ግን «እንዴት አደራችሁ» እያልኩ ነው የማልፈው፤ የታመመ ካለ ወርጄ እጠይቃለሁ። ጊዜ ሲኖረኝ ደግሞ ግንቦት 2016 ዓ.ም. እስከተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ድረስ እሄዳለሁ። 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለሳይክልም የራሱ መስመር ተሠርቶለታል። መሐሉ ላይ እቆምና ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲሄድ አያለሁ። መኪና የያዘ ሰው እዚያ ቆሞ ውሃ ማየት አይችልም። ስመለስ ሰፈሬ ጥግ ላይ ፔዳል መርገጥ አቆማለሁ። እንደ አባቴ ተንሳፍፌ ቤቴ እገባለሁ።

«ሰው ምን ይላል» ላሉት እናትሽ እውነቱን ንገሪያቸው፤ ሰው ይላል። እኔን በመጀመሪያው ሳምንት የሰፈር ልጆች እየተከተሉ ጮኹብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደክሟቸው ተዉኝ። እናትሽ የፈሩት መውደቅሽን ከሆነ ግን ልክ ናቸው፤ ስለዚህ አወዳደቅሽን የሚያቀል ነገር ላሳይሽ።

የላይኛው ብረት ዝቅ ያለ፣ የሴት የሚባለውን ሳይክል ፈልጊ። ሁለቱንም ፔዳሎች አስፈቺ። አብዛኛው ፔዳል በ15 ቁልፍ ይፈታል። አደራ፣ የግራው ፔዳል የሚፈታው ከሌላው ብሎን በተቃራኒ፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው፤ ይሄን ሳያውቁ ብዙዎች ሲታገሉ አይቻለሁ። ሁለት እግርሽ መሬት እስኪረግጥ ኮርቻውን ዝቅ አድርጊው። ከዚያ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ፣ ሰው የማይበዛበት ሜዳ ፈልገሽ በእግርሽ መሬቱን እየገፋሽ ሂጂ። ሳይክሉ ወደ ቀኝ ካዘነበለ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ካዘነበለ ወደ ግራ አዙሪው። አእምሮሽ በተቃራኒው ሊያደርግ ይፈልጋል፤ አትስሚው። ጎማውን አትዪ፤ ራቅ አድርገሽ ወደፊት እዪ። እግሮችሽን ሳታወርጂ አሥር ሜትር ያህል መንሳፈፍ ስትችዪ ፔዳሎቹን አስገጥሚ። አጎቶች ኮርቻ ከኋላ ይዘው ከሚያስተምሩት በዚህ መንገድ ቶሎ ይለመዳል።

በደንብ ስትነጂ ኮርቻው ዝቅ እንዳለ አይቅር፤ ጉልበትሽን ይጎዳዋል። ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዝሽን አሳርፊበት፤ እግርሽ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ነጠላ ለብሰሽ አትንጂ። ጫፉ ጎማው ውስጥ ከገባ አንገትሽን ይዞ ይጥልሻል። የቀሚስ ጫፍም እንዲሁ ነው፤ ሰንሰለቱ መሸፈኛ እንዲኖረው አድርጊ።

ባለቤትሽ ሳቀ ብለሻል። ሜዳው ላይ ይዘሽው ውጪ፤ ሳይክሉን ይያዝልሽ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ጠዋት ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎ ስወርድ ነፋሱ ፊቴን ሲመታኝ ሌላው ሁሉ ይረሳኛል። ማታ ሽቅቡ ግን ይገድለኛል፤ ወርጄ እገፋለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ «ይህች ከተማ የሳይክል አይደለችም» ይሉኛል። ልተው?

መልስ፦ ልጄ፣ አትተው። ሽቅቡ ሳይጀምር፣ ገና ሜዳው ላይ እያለህ ማርሽ ቀንስ፤ ከፊት ትንሹን፣ ከኋላ ትልቁን ጥርስ ያዝ። ዳገቱ መሐል ሆነህ ፔዳሉን አጥብቀህ እየረገጥክ ከቀየርክ ሰንሰለቱ ሊወልቅ ይችላል። እንዲያም ሆኖ ከደከመህ ወርደህ ግፋ። የሚገፋ ሰው ከሳይክሉ ጋር ነው፤ ሳይክሉን ቤት ጥሎት የመጣ አይደለም።

ባልደረቦችህን ደግሞ ይሄን ጠይቅልኝ። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትገባ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሩ ያውቃሉ? ገረመው ደንቦባ አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም የማይጨው ልጅ ነው። ማይጨው በተራራ የተከበበች ናት። ዳገት ያለበት አገር ብስክሌተኛ አያሳጣም።

እኔን የሚያሳስበኝ ማታ የምትወጣው ሳይሆን ጠዋት የምትወርደው ነው። ከስድስት ኪሎ ከመነሣትህ በፊት ሳይክሉ ቆሞ ሁለቱንም ፍሬን ጨብጠህ ወደፊት ግፋው፤ ጎማው ከተንቀሳቀሰ አትውረድ። ስትወርድ ሁለቱንም አንድ ላይ፣ ቀስ አድርገህ ያዝ። ዝናብ ጥሎ ከሆነ ከወትሮው በጣም ቀደም ብለህ ፍሬን መያዝ ጀምር፤ የረጠበ ጎማ ቶሎ አይቆምልህም።