የክንዱ ዙሪያ 11.2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጅ፦ ጤና ኬላ ወይስ ሆስፒታል?

የወንድምሽን ልጅ ጅማ ሆስፒታል ልውሰደው ላልሽው፦ መጀመሪያ ቅርባችሁ ወዳለው ጤና ኬላ ውሰጂው። የ14 ወር ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ግን ሌላ ሕመም ከሌለውና ፕላምፒ ነቱን (ለምግብ እጥረት የሚሰጠውን የለውዝ ቅባት መሰል ምግብ) እዚያው ከበላ ቤቱ ሆኖ ይታከማል። አይከፈልበትም።

አልበላም ካለ፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ወይም ሁለቱንም እግሮቹን በአውራ ጣትሽ ለ3 ሰከንድ ተጭነሽ ስትለቂ ስርጉድ ብሎ ከቀረ፣ ሳታሳድሪው አስተኝቶ ወደሚያክም ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል።

አደራ፣ ፕላምፒ ነቱን ለወንድሞቹ አታካፍሉት። 92 ግራሟ ከረጢት 500 ካሎሪ ናት፤ መድኃኒቱ ናት። በቡና ለቀማ ሰሞን አንዲት እናት ለሦስት ልጆቿ ስታቃምስ አይቻለሁ፤ እንዴት ትከልክላቸው? የታመመው ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪሎ አልጨመረም። ከፕላምፒ ነቱ ጡት ይቅደም፣ ንጹሕ ውኃም አጠገቡ አይጥፋ።