የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከውሃው በላይ የተጣለው የቀንድ አውጣ እንቁላል

ጥያቄ፦ በቤቴ ባለው የዓሣ ገንዳ ውስጥ ከዓሦቹ ጋር አንዲት ወርቃማ ቀንድ አውጣ አለች። ሰሞኑን ከውሃው በላይ፣ ከክዳኑ ሥር ባለው መስታወት ላይ ፈዛዛ ሮዝ የእንቁላል ክምችት ተለጥፎ አገኘሁ። እንዳይደርቅ ሰግቼ ወደ ውሃው ልጨምረው አስቤያለሁ። ለመሆኑ ያለ ወንድ የምትኖር ቀንድ አውጣ የጣለችው እንቁላል ይፈለፈላል?

መልስ፦ እባክዎ እንቁላሉን ወደ ውሃው አይጨምሩት። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ቀንድ አውጣዎ በአርቢዎች ዘንድ ሚስትሪ ስኔል የምትባለው፣ ሳይንሳዊ ስሟ ፖማሲያ ዲፉዛ የሆነው ዝርያ ሳትሆን አትቀርም። ይህች ዝርያ የምትኖረው በውሃ ውስጥ ቢሆንም እንቁላሏን የምትጥለው ከውሃ ወጥታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ነው። በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ፅንስ የሚተነፍሰው በቅርፊቱ በኩል ከሚገባው አየር ስለሆነ ውሃ ውስጥ ሲጠልቅ ታፍኖ ይሞታል፤ በደረቅ አየር ሲቆይ ደግሞ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ተንኖ ያልቃል። የሚፈልገው እርጥብ አየር ነው፤ ይህንንም እርስዎ ካዩት ቦታ የተሻለ የሚያገኝበት ስፍራ እምብዛም የለም።

ስለ ወንዱ የጠየቁትን በተመለከተ፣ የዚህ ዝርያ ወንድና ሴት የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ሴቷ ከተጠቃች በኋላ የወንዱን ዘር ለወራት በአካሏ አቆይታ ልትጠቀምበት ስለምትችል፣ ከመግዛትዎ በፊት ተጠቅታ ከነበረ እንቁላሉ ሊፈለፈል ይችላል። ጨርሶ ያልተጠቃች ሴትም እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እሱ ግን አይፈለፈልም።

ስለዚህ እኔ የምመክርዎ ክምችቱን ባለበት እንዲተዉት፣ ውሃ እንዳይደርስበት የገንዳውን ውሃ ከፍታ ትንሽ ዝቅ እንዲያደርጉና ክዳኑን ዘግተው እንዲያቆዩት ነው። ማንሳት ግድ ከሆነብዎ ቢያንስ አንድ ቀን ይታገሡ፤ እንቁላሉ ገና እንደተጣለ ለስላሳና በቀላሉ የሚፈርስ ሲሆን፣ ሲጠነክር ግን በጣት በዝግታ ወደ ጎን ገፋ በማድረግ ሳይሰበር ከመስታወቱ ማላቀቅ ይቻላል። ከዚያም ክዳን ያለው አነስተኛ የፕላስቲክ ዕቃ ወስደው፣ ከሥሩ ውሃው የማይንጠባጠብ እርጥብ ሶፍት አንጥፈው ክምችቱን በላዩ ያስቀምጡና ዕቃውን በገንዳው ውሃ ላይ ያንሳፉት፤ በዚህ ዓይነት የገንዳው ሙቀት እንቁላሉንም ያሞቀዋል። አየር እንዲለወጥ በየቀኑ ለአፍታ ይክፈቱት፤ ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የተጠራቀመ ጠብታ ካለም ወደ እንቁላሉ እንዳይወርድ ይጥረጉት።

ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት መፈልፈያው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፤ ቅዝቃዜ ካለ ይዘገያል። መጀመሪያ ላይ ክምችቱ የማር እንጀራ መስሎ ቀለሙ አንድ ዓይነት ነው። ፅንሱ ሲያድግ ሮዙ እየደበዘዘ ይሄድና በየእንቁላሉ ውስጥ ጠቆር ያለ ነጥብ ይታያል፤ ከኋላው መብራት ቢያበሩበት ይህን በግልጽ ያያሉ። ወደ መጨረሻው ቅርፊቱ ግራጫ ይሆንና እየሳሳ መሰባበር ይጀምራል፤ በዚህን ጊዜ ጫጩቶቹ፣ ከሰናፍጭ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ዛጎላቸውን ተሸክመው፣ ከክምችቱ ወጥተው ወደ ውሃው ይወርዳሉ። በዕቃ ውስጥ የፈለፈሉ ከሆነ ሳይደርቁ ወደ ውሃ ማዛወር የእርስዎ ድርሻ ነው። ከሳምንታት በኋላም ቀለሙ ሳይለወጥ የጎደጎደና መጥፎ ሽታ ያመጣ ክምችት ፍሬ የለውም፤ ይጣል።

ብዙዎች ጫጩቶቹን የሚያጡት ከተፈለፈሉ በኋላ ስለሆነ ለዚህ ጊዜ የበለጠ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ አጥብቄ አሳስባለሁ። ትልልቅ ዓሦች ይበሏቸዋል፣ የማጣሪያው መምጠጫም ይስባቸዋል፤ በመሆኑም በገንዳው ውስጥ በሚንጠለጠል የጫጩት ማቆያ ሣጥን ይለዩአቸው፣ የመምጠጫውንም አፍ በስፖንጅ ይሸፍኑት። ዛጎላቸው የሚሠራው ከካልሲየም ነው፤ ውሃው አሲዳማ ከሆነ፣ ማለትም ፒኤች ከ7 በታች ከወረደ፣ ዛጎሉ እየተበላ ይነጣል፣ ይቦረቦራልም። ታጥቦና ደርቆ የተፈጨ የዶሮ እንቁላል ቅርፊት ጥሩ የካልሲየም ምንጭ ነው። ለምግብ የተፈጨ የዓሣ ምግብና ፈላ ብሎ የለሰለሰ ቆስጣ በጥቂቱ ይስጧቸው፤ የተረፈውን በዚያው ቀን ያውጡ። ለዓሣ ሕመም መድኃኒት ሲገዙ መዳብ ያለበት መሆኑን ማሸጊያው ላይ ያንብቡ፤ መዳብ ቀንድ አውጣን ይገድላል።

ከአንድ ክምችት ከመቶ በላይ ጫጩት ሊወጣ ይችላል። ይህን ያህል ማሳደግ የማይችሉ ከሆነ ትኩሱን ክምችት ለ48 ሰዓት በማቀዝቀዣ አብርደው፣ በረዶ አድርገው ይጣሉት፤ ጫጩትም ሆነ እንቁላል ወደ ወንዝና ኩሬ አይልቀቁ። የቅርብ ዘመዷ የሆነችው ፖማሲያ ካናሊኩላታ በእስያ የሩዝ ማሳ ላይ ከባድ ጉዳት ያደረሰች ተባይ ናት።

ጥያቄ፦ በእኔ ገንዳ መስታወትና ድንጋይ ላይ ደግሞ ጠንካራ ነጫጭ ነጥቦች በዝተዋል፤ ለወራት ብጠብቅም አንድም ጫጩት አላየሁም።

መልስ፦ የኔራይት ቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። እጮቹ ለማደግ ጨዋማ ውሃ ስለሚሹ ጨው በሌለው ውሃ ገንዳ ውስጥ ለጫጩትነት አይበቁም። መልኩ ካላስደሰተዎት ውሃ ሲለውጡ በፕላስቲክ ካርድ ይፋቁት፤ ለማስወገድ ግን ኬሚካል አይጨምሩ።