የሙያ ምክር፦ መብራት ሲሄድስ?

ጥያቄዋን የላከችልኝ የኮምፒውተር ሳይንስ የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ከጎንደር ማራኪ። አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የመመረቂያ ፕሮጀክቴን በስማርት ቤት ላይ ልሠራ አስቤ ነበር። መብራትና በር በስልክ የሚታዘዝበት። ከዚያ በዚሁ ዘርፍ ማስተርስ ተምሬ ተመራማሪ መሆን እፈልጋለሁ። ወንድሜ ግን ‹ጎንደር ተቀምጠሽ ስማርት ፍሪጅ ልታጠኚ ነው? ዌብሳይት መሥራት ተማሪና እንጀራሽን ብዪ› ይለኛል። አማካሪዬም ርዕሱ ተደጋግሟል ብለውኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ ወንድምሽ ፍሪጁ ላይ ልክ ነው። ዘርፉ ላይ ግን ተሳስቷል። አማካሪሽም እውነታቸውን ነው። ምረቃ በደረሰ ቁጥር አንድ ተማሪ ስልኩን ነካ ሲያደርግ አምፖል ሲበራ አይቻለሁ። ይጨበጨብለታል፣ ጥሩ ውጤት ያገኛል፣ ዕቃው ካርቶን ውስጥ ይገባል። መብራት ሲሄድስ ምን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለአንቺ ምርምሩ የሚጀምረው እዚያ ጋ ይመስለኛል።

የዘርፉ ሐሳብ ከስማርት ፍሪጅ ይቀድማል። ማርክ ዋይዘር የሚባል ሰው ካሊፎርኒያ ውስጥ ዜሮክስ ፓርክ በተባለ የምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ጽሑፍ፣ ኮምፒውተር ከጠረጴዛ ላይ ወርዶ በየዕቃው ውስጥ እንደሚሰራጭና ሰው ልብ የማይለው ነገር እንደሚሆን ጻፈ። «ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ» (በአጭሩ አይኦቲ፣ ዕቃዎች በኢንተርኔት መረጃ የሚለዋወጡበት) የሚለውን ስም ደግሞ ኬቨን አሽተን በ1999 አመጣው። አሁን ቤትሽ ያለውን የካርድ ቆጣሪ ተመልከቺ። እናትሽ ካርድ ሲሞሉ «ኮምፒውተር ነካሁ» አይሉም። ዋይዘር ያለው ይኸው ነው፤ ስማርት ብሎ የጠራው ስለሌለ እንጂ።

ስለዚህ ርዕሱን ከቤት አትጣይው፤ ከአምፖሉ ወደ ሮቶው አውርጂው።

የጎንደር ሰው ስለሆንሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ውሃ በፈረቃ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል መሞላቱ ብዙ ተጽፎበታል። ፈረቃው ደርሶ ውሃ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትመጣ የቤቱ «ሴንሰር» የእናት ጆሮ ነው። ቧንቧው ሲያፏጭ ይነሳሉ። ሮቶ ውስጥ ከፍታ የሚለካ፣ ውሃ ስትመጣ መልእክት የሚልክ፣ ሮቶው ሊሞላ ሲል የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ዕቃ ብትሠሪ ከአምፖሉ ይልቅ የሚጠቅመው ሰው ብዙ ነው። አሥር ቤት ላይ ካስቀመጥሽው ደግሞ ነገሩ ወደ ምርምር ይሻገራል። ውሃ በየሰፈሩ በእርግጥ መቼ እንደምትመጣ፣ ለስንት ሰዓት እንደምትቆይ የሚያሳይ መረጃ ይኖርሻል።

አሁን ወደ ችግሩ እንግባ። ምርምሩ ያለው ችግሩ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ኃይል። ኢኤስፒ32 የምትባለው ርካሽ ቺፕ በዋይፋይ ስትልክ ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ትበላለች። 2,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ብትሰጫት በ20 ሰዓት ትጨርሰዋለች። በየ15 ደቂቃው 5 ሰከንድ ብቻ ነቅታ ልካ ብትተኛ ግን በወረቀት ላይ ወደ 5 ወር ትደርሳለች። በወረቀት ላይ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ቺፗ ስትተኛ ወደ 10 ማይክሮአምፔር ብትወርድም፣ የተሰካችበት ቦርድ ላይ ያለችው ቀይ መብራትና የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው አይተኙም። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ያቺን ቀይ መብራት ነቅለሽ ልዩነቱን ከለካሽ የሪፖርትሽ አንድ ምዕራፍ ተገኘ።

ሴንሰሩም የራሱ ጣጣ አለው። በየቦታው የሚሸጠው፣ በድምፅ ሞገድ ርቀት የሚለካው ርካሽ ሴንሰር በ5 ቮልት ይሠራል፣ ቺፗ ደግሞ 3.3 ቮልት ናት። ቮልቴጁን የሚቀንሱ ሁለት ሬዚስተሮች ሳታስገቢ ብታገናኛቸው ቺፗ ልትበላሽ ትችላለች። ሴንሰሩ የሚሰቀልበት የሮቶ ክዳን ሥር ደግሞ እርጥበት አለ። እርጥበት የማይበግረው ዓይነት አለ፤ ግን ከ20 ሴንቲሜትር በታች ያለን ርቀት በደንብ አይለካም። ማለትም ሮቶው ሊሞላ ሲል፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይታወራል። መፍትሔውን አልነግርሽም፣ ራስሽ ድረሽበት።

ሦስተኛው ሰው ነው። አንድ ጊዜ እኔ ራሴ አንድ መጋዘን ውስጥ የሙቀት መለኪያ አስቀምጬ ነበር። ለሳምንት ጥሩ ሠራ። ከዚያ በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ መረጃው ይቋረጣል። ኔትወርኩን ወቀስኩ፣ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩ። ለካ የሌሊት ጥበቃው ሶኬቱን ነቅለው ስልካቸውን ቻርጅ ያደርጋሉ። እሳቸው ምን አጠፉ? ያ ሶኬት እኔ ከመምጣቴ በፊት የሳቸው ነበር። ሳላማክራቸው የገባሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ኮድ ሳትጽፊ በፊት የቤቱን ሰው ቁጭ ብለሽ አዋሪ። ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? ሌሊት የሚነሳው ማን ነው? ስልክ ያለውስ ማን ነው? ስማርት ስልክ ከሌላቸው በኤስኤምኤስ አድርጊው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። የሮቶው መረጃ ንጹሕ ይመስላል፣ አይደለም። ውሃው ሦስት ቀን ካልቀነሰ ቤቱ ሰው የለበትም ማለት ነው። ሌባ የሚፈልገው ይህን ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ አንብቢው። ከየቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ተቀበይ፣ ስምና የቤት ቁጥር ከመረጃው ጋር አታስቀምጪ፣ ከፋብሪካ የመጣ የይለፍ ቃል ካለም ቀይሪ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ካሜራና ራውተር የማረከው ማንም ባልቀየረው የይለፍ ቃል ገብቶ ነው።

እሺ፣ እንጀራስ? እውነቱን ልንገርሽ። ማስታወቂያ ላይ «የአይኦቲ ባለሙያ» የሚል ብዙም አታገኚም። ሥራው ግን በሌላ ስም አለ። የዳሸን ቢራን ፋብሪካ ታውቂዋለሽ፤ እንዲህ ያለ ፋብሪካ በሴንሰርና ማሽን በሚቆጣጠር ፒኤልሲ በተባለ ኮምፒውተር ይሠራል፣ ማስታወቂያው የሚወጣው ግን «አውቶሜሽን» ወይም «ኢንስትሩመንቴሽን» ተብሎ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የባዮሜዲካል ክፍል አለ። አብዛኛው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ መቀመጥ አለበት፤ ጤና ጣቢያ ላይ መብራት ሄዶ ፍሪጁ ሲሞቅ ወዲያው ማወቅ ያለበት ሰው አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የጀመረው በጤና ትምህርት ነው። ጤናው በኩል ያሉትን መምህራን ሄደሽ ብታናግሪ ለማስተርስ የሚሆን ጥያቄ ይዘሽ የምትመለሺ ይመስለኛል። ቴሌኮሞቹም አሉ። ዌብሳይት መሥራትንም ተማሪው፤ የሮቶው መረጃ የሚታየው በሆነ ገጽ ላይ አይደል? ወንድምሽንም ደስ ይበለው።

ማስተርሱን በተመለከተ አትቸኩዪ። ለመምህራን «በአይኦቲ ላይ ፍላጎት አለኝ» ብለሽ ብትጽፊ መልስ የማግኘት ዕድልሽ ትንሽ ነው። «አሥር ቤት ላይ ለሦስት ወር መሣሪያ አስቀምጬ ነበር፣ አራቱ በዚህ ምክንያት ቆመዋል» ብለሽ ብትጽፊ ግን ያነቡልሻል። የቆሙትን አትደብቂ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን ፐርኮም የተባለ የዘርፉን የምርምር ጉባኤ ጽሑፎችም ተመልከቺ። ብዙዎቹ መብራትና ኔትወርክ ሁሌም አለ ብለው ይነሳሉ። አንቺ የምትገቢበት ክፍተት ያ ነው።

ሎራ የሚባለውን የርቀት ሬድዮ ካሰብሽ ሞጁሉን ሳትገዢ የትኛው ፍሪኩዌንሲ እንደሚፈቀድ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ጠይቂ። ለመጀመሪያው ዕቃ ግን ኤስኤምኤስ ይበቃል።

በዚህ ሳምንት ኮድ አትጻፊ። የቤታችሁን ሮቶ ቁመትና የክዳኑን ስፋት ለኪ፣ እናትሽን ባለፈው ሳምንት ውሃ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓት እንደመጣች ጠይቂያቸው፣ ጽፈሽ ላኪልኝ።