የድሮ የጥይት ሣጥኖችን ማደስና አስመስሎ መሥራት፦ ከአዳማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በአዳማና በአካባቢዋ የቆዩ የወታደር ሣጥኖችን ከሚያድሱና አስመስለው ከሚሠሩ ወዳጆች ሰሞኑን የደረሱኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ በተቻለኝ መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አቋሜን ልግለጽ። የጥይት ሣጥን ከሁሉ በፊት ሰነድ ነው። በላዩ የሰፈረው ፊደልና ቁጥር የትኛው ፋብሪካ፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን ዓይነት ጥይት እንዳሸገበት ይናገራል። ስለዚህ የምሰጠው ምክር ሁሉ ጽሑፉን ማዳንን ያስቀድማል።

ጥያቄ፦ አባቴ ወታደር ነበሩ። ከእሳቸው የቀረ አረንጓዴ የእንጨት ሣጥን ቤታችን አለ፤ ጽሑፉ የሩስያ ይመስላል። ምን እንደሚል እንዴት ማወቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በአገራችን የሚገኙት የቆዩ ሣጥኖች በአብዛኛው ከሦስት ወገን የመጡ ናቸው። ጥቂቶቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ የቀሩ ናቸው። ሌሎቹ ኢትዮጵያ በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የወታደራዊ እርዳታ ስምምነት ከተፈራረመች በኋላ የገቡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ደግሞ በ1970 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ የሶቪየት መሣሪያ በገፍ መግባት ከጀመረ ወዲህ የመጡ ናቸው። የእርስዎ ሣጥን ከመጨረሻዎቹ ይመስላል።

በሶቪየት ሣጥን ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው የጥይቱ መጠንና ዓይነት ነው። 7.62 ከሚለው ቁጥር በኋላ «ኤል ፒ ኤስ» (ЛПС) የሚሉትን የሩስያ ፊደላት ካገኙ ጥይቱ ለረጅሙ 7.62 በ54 (54ቱ ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ማለትም የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው) የተሠራ፣ የብረት እምብርት ያለው ቀላል አረር ነው፤ «ፒ ኤስ» (ПС) ብቻ ከሆነ የክላሽንኮቭ ነው። ቀጥለው የሚታዩት ሁለት ትንንሽ ፊደላት የቀለሁን ዓይነት ያመለክታሉ። «ገዠ» (гж) በሌላ ብረት የተለበጠ የብረት ቀለህ፣ «ገስ» (гс) ቫርኒሽ የተቀባ የብረት ቀለህ፣ «ገል» (гл) ደግሞ የናስ ቀለህ ማለት ነው። ከዚያ በታች በሰረዝ የተለያዩ ቁጥሮች ይገኛሉ፤ እነሱም የምርቱ ተራ፣ ዓመቱና የፋብሪካው መለያ ናቸው። 17 በርናውል፣ 60 ፍሩንዜ (የዛሬዋ ቢሽኬክ)፣ 188 ኖቮሲቢርስክ፣ 270 ሉጋንስክ፣ 539 ቱላ ነው። ዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ 78 የሚል ካገኙ በእኛ 1970 ወይም 1971 ዓ.ም. መሆኑን ልብ ይበሉ። የባሩዱ ዓይነት፣ ተራና ዓመት ለብቻው በሌላ መስመር ስለሚጻፍ የባሩዱን ዓመት ከጥይቱ ዓመት ጋር እንዳያምታቱ እመክራለሁ፤ ባሩዱ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ዓመት ይቀድማል።

ለ54ቱ ጥይት ሣጥኑ እያንዳንዳቸው 440 ጥይት የያዙ ሁለት የታሸጉ ቆርቆሮዎች ስለሚይዝ 880 ተብሎ ይጻፋል። የክላሹ ሣጥን አብዛኛውን ጊዜ 1,320 ይላል። በሣጥኑ ላይ የቀለም መስመር ካለ እሱም ትርጉም አለው። ብርማ መስመር ኤል ፒ ኤስን፣ አረንጓዴ በጉዞው ብርሃን የሚያሳየውን ጥይት፣ ጥቁርና ቀይ አብረው ሲሆኑ ብረት በሳና አቀጣጣዩን፣ ቢጫ ደግሞ ከባዱን አረር ያመለክታል።

ጥያቄ፦ ቀለሙ እየተላጠ ነው። ሙሉ በሙሉ ልጬ አዲስ ብቀባው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም፤ በዚህ ጉዳይ ላይ አቋሜ ጽኑ ነው። የተላጠ ቀለም አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም፣ አብሮትም ፊደሉ ይጠፋል። በመጀመሪያ ሣጥኑን በየአቅጣጫው በጥሩ ብርሃን ፎቶ ያንሱት። ከዚያ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፈው፣ በለብታ ውሃና በጥቂት ሳሙና ነክረው በደንብ በጨመቁት ጨርቅ፣ በማይታይ ጥግ ሞክረው ያጽዱት። ውሃ ማፍሰስ ወይም በጎማ ማጠብ የእንጨቱን መጋጠሚያ ያላቅቃል፣ ምስማሩንም ያዝገዋል። ሲደርቅ ንጹሕ የንብ ሰም በአኳራጅ አሟሙተው በስሱ ይቀቡትና በጨርቅ ይወልውሉት። ሰሙ የሚነሣውን ቀለም በመጠኑ ይይዘዋል፣ ጽሑፉንም ያጎላዋል፤ ወደፊት ሌላ ሰው ሊያነሣው ቢፈልግም ይነሣለታል።

ሌላም ምክንያት አለ። በዚያ ዘመን ለወታደራዊ ዕቃ ይውል በነበረው ቀለም ውስጥ እርሳስና ክሮሜት የተባለ መርዛማ የክሮሚየም ውህድ ይገኝ ነበር። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ በሚሊዮን 90 ክፍል ላይ የወሰነው ደንብ ቁጥር 429 የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የድሮውን ቀለም አይመለከትም። ደረቅ ቀለምን በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ብናኙን ወደ ሳንባ ያስገባዋል፤ ሕፃን ባለበት ግቢ ደግሞ ጭራሽ መሞከር የለበትም። የግድ መንካት ካለብዎ እያረጠቡ፣ ጭንብል አድርገው ይሥሩ፣ ያገለገለውንም ጨርቅ ከቤት ያርቁት።

ጥያቄ፦ እኔ ባለ ሱቅ ነኝ። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ሣጥን አለኝ፤ ጤፍና በርበሬ ላስቀምጥበት አስቤ ነበር። ጉዳት አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ እባክዎ አያድርጉት። የአሜሪካ ጦር የእንጨት ሣጥኖች ብስባሽና ነፍሳት እንዳይበሏቸው ፔንታክሎሮፌኖል በተባለ መድኃኒት ይነከሩ ነበር። ይህ መርዝ በእንጨቱ ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል። ከአደገኛነቱ የተነሣ በ2015 እ.ኤ.አ. በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ከሚከለከሉት ኬሚካሎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሣጥኑ ከውጭ ደህና ቢመስልም እህል፣ ልብስ፣ የሕፃን አሻንጉሊት ወይም አልጋ ሊሠራበት አይገባም። ሳንቃውን ለማገዶ መጠቀምም የተለመደ ቢሆንም ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ጭሱ መርዝ ነው፣ እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ ሥር ሊገባ ከቶ አይገባውም። ለመሣሪያ ማስቀመጫ ወይም ለጌጥ ይጠቀሙበት፣ ሲነኩትም ጓንት ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የተሰበረ ሳይሆን አዲስ ሣጥን ከባዶ አስመስዬ መሥራት እፈልጋለሁ። እዚህ አዳማ የትኛውን እንጨት ልጠቀም? እንዴትስ ልጀምር?

መልስ፦ ልጄ፣ በጥሩ ቦታ ጀምረሃል፤ አስመስሎ የሚሠራ ሰው ዋናውን ሣጥን ሳይጎዳ ይማራል። የሶቪየት ሣጥኖች ለስላሳ ከሆኑ የጥድ ዘመዶች ስለሚሠሩ በገበያችን ለእነሱ የሚቀርበው የፈረንጅ ጥድ ነው። ባሕር ዛፍ ይጣመማል፣ ምስማር ሲገባውም ይሰነጠቃል። ዋንዛና ዝግባ ውብ ቢሆኑም ክብደታቸውና ቀለማቸው ከዋናው ጋር አይገጥምም። ከዚህም በላይ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና የሐበሻ ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. በወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ በተተካው በአዋጅ ቁጥር 94 ጥበቃ ተደርጎላቸው የነበሩ ዛፎች ስለሆኑ ምንጩን የማታውቀውን ጣውላ አትግዛ።

ጣውላው እርጥብ ከሆነ ሣጥንህ በወራት ውስጥ ይላቀቃል። የአናጢዎች የቆየ መመሪያ ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት መድረቅ ይላል፤ የአዳማ ሙቀትና ነፋስ ሊያሳጥረው ቢችልም፣ በጥላ ሥር በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየተደረገ መከመር አለበት፤ ፀሐይ ላይ የተጣለ ሳንቃ ጫፉ ይሰነጠቃል። ልኩን ከመጽሐፍ አትቅዳ፤ ከእውነተኛ ሣጥን በሜትርና በካሊብሮ ለካ፣ የሳንቃውን ውፍረት፣ የጎን ማጠናከሪያውን ስፋት፣ በምስማሮች መካከል ያለውን ርቀት ሁሉ መዝግብ። የብዙዎች ሥራ ከሩቅ ያምርና ቀረብ ሲሉት የሚያስጠላው ምስማሩ በዘፈቀደ ስለተመታ ነው።

የብሎን ነገርም አለ። የመስቀል ጭንቅላት ያለው ብሎን በስሙ የሚጠራው አሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ የፈጠራ መብት ያገኘበት በ1936 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ የጣሊያን ወረራ ዘመን ሣጥን በእንዲህ ያለ ብሎን ከተያያዘ ወይ ተጠግኗል ወይ ተመሳስሎ የተሠራ ነው። አንተም ስትሠራ ባለ አንድ መስመር ብሎን ፈልግ፤ ከአሮጌ የቤት ዕቃ ላይ ተነቅሎ በየብረታ ብረት ቤቱ ይገኛል። ለእጀታው ገመድ የቃጫው ይሻላል፤ ናይሎን ገመድ ወዲያው ያሳጣል።

ሲቀባ የከተማችን ነፋስ ጠላትህ ነው። የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ላይ በግቢ ውስጥ ቀለም መቀባት አቧራ መጋበዝ ነውና፣ ነፋሱ ሳይነሣ በማለዳ ወይም በተዘጋ ክፍል መስኮት ገርበብ አድርገህ ቀባ። የሚያብረቀርቅ ቀለም አትጠቀም። ትክክለኛውን አረንጓዴ ለማግኘት በእውነተኛ ሣጥን ማጠፊያ ሥር ፀሐይ ያልነካውን ስፍራ ተመልከትና ከእሱ ጋር አመሳስል፤ ላዩ በፀሐይ የነጣ ስለሆነ ያሳስትሃል።

እንጨቱን የቆየ ለማስመሰል ደግሞ በአቼቶ ውስጥ ጥቂት ዝገት የያዘ ምስማር ለቀናት ዘፍዝፍ። ይህ ውሃ ከእንጨት ውስጥ ካለው ታኒን (በሻይም ውስጥ የሚገኝ፣ አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር) ጋር ሲገናኝ እንጨቱን ግራጫ ያደርገዋል። የፈረንጅ ጥድ ታኒን ስለሚያንሰው በመጀመሪያ ጠንከር ያለ ሻይ ቀብተህ አድርቀው፣ ከዚያ አቼቶውን ቀባ፤ በዓይንህ ፊት ይለወጣል። በተልባ ዘይት ካለበስከው የዘይቱን ጨርቅ ጠቅልለህ አትተወው፤ በራሱ ሙቀት ተቀጣጥሎ ቤት ያቃጥላልና ዘርግተህ በውጭ አድርቀው።

ጥያቄ፦ ፊደሎቹን እንዴት ልጻፋቸው? የሩስያ ፊደል አላውቅም።

መልስ፦ ካላወቁ አይገምቱ። እውነተኛ ጽሑፍ በቅርብ ፎቶ አንሥተው በወረቀት ላይ በልኩ ይቅዱትና ወደ አሮጌ የራጅ ፊልም ያስተላልፉት፤ ፊልሙ ጠንካራና ቀጭን ስለሆነ በስለት ጥርት ብሎ ይቆረጣል፣ ደጋግመውም ይጠቀሙበታል። በክብ ፊደል ውስጥ የመሐሉን ክፍል ከቀረው ፊልም ጋር የሚያያይዙትን ቀጫጭን ድልድዮች አይቁረጡ፣ የፋብሪካው ሠራተኛም አልቆረጣቸውም። ስፖንጁን ቀለም ውስጥ ነክረው ከሞላ ጎደል እስኪደርቅ በወረቀት ላይ ያራግፉት፤ ከዚያ ፊልሙን በሣጥኑ ላይ አስቀምጠው በተቆረጠው ፊደል ላይ በትንሽ በትንሹ ነካ ነካ ያድርጉት። ቀለም የበዛበት ስፖንጅ በፊልሙ ሥር ሾልኮ ይገባል። ፊደሉ ሙሉና ፍጹም እንዲሆን አይጨነቁ፤ በፋብሪካ ሥራም ላይ አንዱ ጫፍ ጠቆር፣ ሌላው ፈዘዝ ያለ ነው።

ጥያቄ፦ የብረት ጣሳ ዓይነት የአሜሪካ ሣጥን አለኝ፤ ዝጎ ተጨራምቷል።

መልስ፦ ጭርምቱን ከውስጥ በልኩ የተቆረጠ እንጨት ደግፈው ከውጭ በጎማ መዶሻ ቀስ ብለው ያስተካክሉት። ለዝገቱ አቼቶ ይበቃል። በኤሌክትሪክ ማጽዳት ከፈለጉ በሶዲየም ካርቦኔት (የልብስ ማጠቢያ ሶዳ) ውሃ ውስጥ ሣጥኑን ከኔጋቲቭ፣ ተራ ብረት ደግሞ ከፖዘቲቭ ጋር ያገናኙ። በምንም ምክንያት የማይዝግ ብረት ለፖዘቲቭ አይጠቀሙ፣ መርዛማ ክሮሚየም ይለቃል፤ ሃይድሮጅንም ስለሚወጣ ከቤት ውጭ ይሥሩ። የክዳኑን ጎማ አይጣሉት፣ በታልክ ዱቄት አለስልሰው ይመልሱት።

ጥያቄ፦ በቆርቆሮው ውስጥ ያልተከፈተ ነገር ካለስ? በሕግ በኩልስ ችግር አይኖርም?

መልስ፦ ያልተከፈተ ወይም ከባድ የሆነ ነገር ካጋጠመዎ አይክፈቱት፣ አያንቀሳቅሱት፣ ለቅርብ ፖሊስ ያሳውቁ። ጥይት ያለ ፈቃድ መያዝ በ2012 ዓ.ም. በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የሚታይ ነው። ባዶ ሣጥንም ቢሆን ከካምፕ የወጣ የመንግሥት ንብረት እንዳይሆን ከማን እንደገዙ የሚያስረዳ ጽሑፍ ይያዙ። በቁፋሮ ወይም በአጋጣሚ የተገኘ የጦርነት ቅርስ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ለቅርስ ጥበቃው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ሣጥን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲጓዙ ክዳኑን ከፍተው፣ ውስጡ እንዲታይ አድርገው ይጫኑት፤ ኬላ ላይ የቆመው ፈታሽ ጽሑፉን አንብቦ ቢጠይቅዎ ሥራውን እየሠራ ነው።

ጥያቄ፦ አስመስዬ የሠራሁትን መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ግን ቅጂ መሆኑ በግልጽ መታወቅ አለበት። ከክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስምዎንና ዓመተ ምሕረቱን በጋለ ብረት ያትሙ፤ በቀለም ከጻፉት በቀላሉ ይፋቃል። ለገዢውም ከእርስዎ እጅ የወጣ መሆኑን በወረቀት ላይ ፈርመው ይስጡት፤ ከዓመታት በኋላ ሣጥኑ በሌላ ሰው እጅ ሲገባ የሚጠየቀው ያ ወረቀት ነው።