መልስ፦ የእንግሊዝኛው ፊደል «ሲ» (C) አንዴ «ክ»፣ አንዴ «ስ» የሚሆነው ለምንድን ነው?

ልጅህ «ካት»ን (cat) በትክክል አንብባ «ሲቲ»ን (city) «ኪቲ» ያለችው ከሲ ቀጥሎ ያለውን ፊደል ሳታይ ስላነበበች ነው። ቀጥሎ ኢ (e)፣ አይ (i) ወይም ዋይ (y) ካለ በአብዛኛው ስ በላት፤ ኤች (h) ካለ ብዙውን ጊዜ ች፤ በሌላው ቦታ በአብዛኛው ክ ነው። «አክሰፕት» (accept) የሚለውን ጻፍላት። ሁለት ሲ ጎን ለጎን አሉ፤ የመጀመሪያው ክ፣ ኢ የተከተለው ሁለተኛው ስ ነው።

በጥንቱ ላቲን ሲ ሁልጊዜ ክ ነበር፤ ቄሳርም «ካይሳር» ነበር የሚባለው። በኋላ ግን ምላስ ለኢና ለኤ ድምፆች ወደ ፊት ስትሄድ ክን ይዛው ሄደች። ከላቲን በተወለደው ፈረንሳይኛ ውሎ አድሮ ስ ሆነ፤ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ኖርማኖች በ1066 እ.ኤ.አ. እንግሊዝን ከወረሩ በኋላም ይህ አጻጻፍ ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም፤ የግዕዙ «ቤትኪ» በአማርኛ «ቤትሽ» ሆኗል።

ደግሞ ሲ መነሻው ግ ነበር። የመጣው ጊሜል ከሚባለው የጥንቶቹ ፊንቄዎች ፊደል ነው፣ የእኛም ገ ዘመዱ ነው። ፊደሉን ለሮማውያን ያስተላለፉት የጥንት ጣልያን ሕዝቦች ኤትሩስካውያን ክን ከግ ስለማይለዩ ወደ ክ ዞረ፤ ሮማውያን በ3ኛው መቶ ዓመት ቅድመ ክርስቶስ ትንሽ ጭረት ጨምረውበት «ጂ»ን (G) ሠሩ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ የአገራችንን ስም በላቲን ስታስጽፋት ክ በ«ኬ» (K) ይሁን። ኮምቦልቻ በሲ ቢጻፍ ኦ ስለሚከተለው ይተርፋል፤ ከሚሴን በሲ ከጀመርከው ግን እንግሊዝኛ የለመደ ሰው «ሰሚሴ» ብሎ ያነበዋል።